የጥርስ ሐኪሙ ግማሽ ብርጭቆ

ብርጭቆውን ከትሪው ላይ አንስታ አፍንጫዋን እስከ ጠርዙ ከተተችበት።

ሼፉ ከምድጃው ዞር ብሎ አያት። "አሁንስ የሰው ትርፍራፊ መጠጣት ጀመርሽ?"

"አልጠጣሁም። እያሸተትኩ ነው።"

"ውሻም እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ ያሸታል።"

ብርጭቆው ግማሹ ሙሉ ነው። የተወው በመስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ላይ ምሳውን ሁልጊዜ ብቻውን የሚበላው የጥርስ ሐኪም ነው። ዓሣውን አጥንት ብቻ አስቀርቶ፣ ድንቹን ጠርጎ፣ ዳቦውን እስከ ፍርፋሪው ጨርሶ፣ ወይኑን ግን ግማሽ ላይ ትቶት ሄዷል። ትናንትም እንደዚያው። ማክሰኞና ረቡዕ ግን የመጨረሻዋን ጠብታ አንጋጦ ነበር የጠጣው።

በዚህ ምግብ ቤት ማስተናገድ ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው። "አነፍናፊ" የሚለውን ስም ሼፉ ያወጣላት በገባች በሳምንቷ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ቆማ፣ ጓዳ ያለው ሽንኩርት ገና ሊያር ሲል "እያረረብህ ነው" ስላለችው። ስሙ ተጣብቆ ቀረ። የቤቱ ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ "እትዬ" የሚላት፣ ደመወዟን ስትሰጣት ሳይቀር "ነይ እስቲ አነፍናፊ" ነው የምትላት። እሷም አልተቀየመችም። ወይን ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?

ወይን የምትወደው ለሞቅታው አይደለም፤ ሁለተኛውን ብርጭቆ ካለፈች እንቅልፍ ይጥላታል። የምትወደው ጥያቄውን ነው። ከፍሬው በቀር ምንም ያልገባበት ነገር እንዴት ብሎ እርጥብ ጠመኔ ይሸታል? ሌላውስ እንዴት አሁን የተቀረጸ እርሳስ? የእረፍቷ ቀን ሲደርስ አንድ ጠርሙስ ለመግዛት ሱቅ ውስጥ አርባ ደቂቃ ትቆማለች። የፊተኛውን ወረቀት አታምንም፤ እሱ የሠዓሊ ሥራ ነው ትላለች። ጠርሙሱን ገልብጣ የኋላውን ደቃቅ ጽሑፍ ታነባለች፤ ማን ጠመቀው፣ በየትኛው ዓመት፣ አልኮሉ ስንት ነው። ወረቀቱ ባነሰ ቁጥር፣ ወሬውም ባጠረ ቁጥር ታምነዋለች። "ከማንኛውም ምግብ ጋር ይስማማል" ካለ ግን ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ከሁሉ ጋር የሚስማማ ነገር በሕይወቷ አጋጥሟት አያውቅም፤ ሰውም ጭምር።

ይህን ያስተማሯት አጎቷ ናቸው፤ የእናቷ ወንድም፣ የወይን ነጋዴ። አባቷ ከሞተ በኋላ ያደገችው መጋዘናቸው ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተከፈቱ ጠርሙሶችን ቡሽ በተርታ ደርድረው፣ ዓይኗን አስጨፍነው፣ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ያስገምቷት ነበር። ለዚህ ምግብ ቤት ወይን የሚያቀርቡትም እሳቸው ናቸው። ወይኑ የሚመጣው አምስት ሊትር በሚይዝ ባለእጀታ ትልቅ ጠርሙስ ነው፤ በቤቱ ቋንቋ "ጋኗ" ትባላለች። ጋኗ ባንኮኒው ላይ ትቀመጣለች፤ በብርጭቆ እየተቀዳ ይሸጣል። ሠራተኛ በሥራ ሰዓት መጠጣት አይችልም። ግን አዲስ ጋን ሲከፈት የመጀመሪያዋ ጉንጭ የአነፍናፊዋ ናት። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም ግን አይሽረውም።

ዛሬ አርብ ነው። አሥር ሰዓት ላይ አጎቷ የዓመቱን ውል ሊያድሱ ይመጣሉ። ትልልቆቹ ሆቴሎች አንድ በአንድ ትተዋቸው፣ ከቀሩላቸው ደንበኞች ዋናው ይህ ቤት ነው። ችግሩ፣ ባለፈው ማክሰኞ ሌላ ነጋዴ መጥቶ የራሱን ጋን ለናሙና አስቀምጦ ሄደ። እትዬ ቀይና ነጩን ከመለየት እንደማታልፍ ራሷ ትናገራለች፤ ስለዚህ ምርጫውን ለአነፍናፊዋ ሰጠቻት፤ እሷ የመረጠችውን እፈርማለሁ አለች። አነፍናፊዋ በዚያው ቀን የአጎቷንም አዲስ ጋን ከፍታ ሁለቱን ጎን ለጎን ቀመሰች። የአጎቷ ወይን ገና ሲቀዳ አካባቢውን አወደው። የሰውዬው ወይን ደግሞ ጠባዩ የማይከፋ፣ ግን ሲሄድ ስሙ የሚረሳ እንግዳ ዓይነት ነበር። እፎይ አለች። ለዘመድ ሳታደላ ዘመዷ አሸነፉ። ነገሩም እዚያው በተዘጋ ነበር።

ይህች ግማሽ ብርጭቆ ባትኖር ኖሮ።

ብርጭቆዋ ዛሬ አልጀመረችም። ወር ሊሞላት ነው። አነፍናፊዋ መጀመሪያ ምግቡን ጠረጠረች፤ "ዓሣው ላይ ምን ጨመርክ?" እያለች ሼፉን ሦስት ቀን ነዘነዘችው። ቀጥሎ አየሩን ጠረጠረች። ቀጥሎ የሐኪሙን ሥራ፤ ምናልባት ከሰዓት በኋላ ከባድ ጥርስ የሚነቅልበት ቀን እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ይሆናል አለች። በትዕዛዝ ደብተሯ ጀርባ ላይ "ጨረሰ"፣ "ተወ"፣ "ተወ"፣ "ጨረሰ" እያለች ጻፈች። ቀናቱ ግን አልገጠሙላትም። አንዱን ሳምንት ሰኞ ይተውና ማክሰኞ ይጨርሳል፤ ሌላውን ደግሞ በተቃራኒው። ዛሬ ትዕግሥቷ አለቀና ሐኪሙ ኮቱን ሲለብስ በቀጥታ ጠየቀችው።

"ዶክተር፣ ወይኑ ምን ሆነብዎት?"

ሐኪሙ ሲኮርጅ እንደተያዘ ተማሪ ብርጭቆውን አየው። "ምንም። ተውኩት እንዴ?"

"ትናንትም ትተውታል።"

"እኔ እኮ ስለ ወይን አንድም ነገር አላውቅም። አንዳንድ ቀን እጄ ራሱ ሄዶ ያነሳዋል፤ አንዳንድ ቀን ይረሳዋል። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ይቅርታው አበሳጫት፤ የፈለገችው ምክንያቱን ነበር። ግን "እጄ ይረሳዋል" ያለው ነገር ትሪውን ተሸክማ ጓዳ እስክትገባ ከጆሮዋ አልወጣም። ብርጭቆውን አንስታ ያሸተተችው ለዚያ ነው።

የሸተታትም ፖም ነው፤ የተቆረሰና መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የከረመ ፖም።

ወደ ባንኮኒው ሄዳ ከጋኗ በንጹሕ ብርጭቆ ሁለት ጣት ያህል ቀዳች። ሳሎኑ ባዶ ነው፤ እትዬ ባንክ ሄዳለች። ቤቱ የከለከላትን ሁለተኛ ጉንጭ ጠጣች። ማክሰኞ አካባቢውን ያወደው ወይን ዛሬ ምላሷ ላይ እንዳኮረፈ ሰው ቁጭ አለ፤ አይናገር፣ አይሄድ።

ደብተሯን ገለጠችው። በጀርባው የሐኪሙ "ጨረሰ"ና "ተወ" አለ። በፊቱ ደግሞ የራሷ ማስታወሻ አለ፤ አዲስ ጋን በተከፈተ ቁጥር ስለ መጀመሪያዋ ጉንጭ የምትጽፈው፣ ከነቀኑ። ሁለቱን ገጽ እያገላበጠች አስተያየች። ሐኪሙ ወይኑን የሚጨርሰው ጋኗ በተከፈተች በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ይተዋል። አንድም ቀን አልተሳሳተም። ስለ ወይን አንድም ነገር የማያውቀው ሰው።

እሷ ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ የመጀመሪያዋን ጉንጭ ብቻ ቀምሳ ለወይኑ ስትመሰክር ኖራለች። ሠርጉን እየበላች ስለ ትዳሩ ስታወራ።

ከሁሉ የገረማት ነገሩ ቀላል መሆኑ ነው። አየር። ጋኗ በጎደለች ቁጥር አየሩ ይበዛል፣ አየሩ ወይኑን ይበላዋል። ይህንን መጽሐፍ ላይ አንብባዋለች፤ ለደንበኞችም ስታስረዳ ኖራለች። የምታውቀውን ነገር ባንኮኒዋ ላይ አለማየቷ ነው የከነከናት።

ወዲያው ሌላ ጥያቄ መጣባት፤ ይኼኛው እንዲህ ከሆነ ያኛውስ? የሌላውን ነጋዴ ጋን ከታችኛው መደርደሪያ ጎትታ አወጣችው። ሁለቱም ማክሰኞ በአንድ ጊዜ ነው የተከፈቱት፤ እሷና ሼፉም ቀስ በቀስ ለሥጋው መረቅ እየወሰዱ ግማሽ አድርሰውታል። ቀዳች፣ አሸተተች፣ ቀመሰች። ያው እንግዳ፣ ያው ጠባይ። አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም። ሁለት ብርጭቆ ይዛ ወደ ጓዳ ገባችና የየትኛው እንደሆነ ሳትነግረው ለሼፉ ሰጠችው።

ሼፉ አንዱን ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ፤ ሌላውን ጨረሰው። "ይኼኛው ይሻላል።"

"ዛሬ ይሻላል።"

"ታዲያ ሰው የሚጠጣው ዛሬ አይደለም እንዴ?"

የአጎቷ የትኛው እንደሆነ ስትነግረው የያዘውን ጭልፋ አስቀመጠ። ሼፉ ቀልደኛ ነው፣ ግን ሞኝ አይደለም፤ አሥር ሰዓት ላይ ማን እንደሚመጣ ያውቃል። አጎትሽ እንደ አባት አሳድገውሽ ሳለ፣ እርጅና ደጃፍ ላይ ቆመው ሳለ፣ በአንድ ፖም ሽታ ቤታቸውን ልትዘጊ ነው ወይ አላት። ሐኪሙ አልከሰሰ፣ እትዬ አታውቅ። ዝም ብትል ማን ያውቃል?

"የሐኪሙ እጅ" አለች።

እስከ አሥር ሰዓት ጠረጴዛ ስትወለውል፣ ሹካና ቢላ ስትደረድር፣ ነገሩን በየአቅጣጫው አገላበጠችው። የትኛው ወይን ይሻላል ቢሏት መልሱን ታውቃለች፤ የአጎቷ። ምንም ጥርጥር የለውም። ግን ጥያቄው እሱ ነው? ሱቅ ውስጥ አርባ ደቂቃ የምትቆመው እኮ ጥሩውን ስለምትፈልግ አይደለም፤ ጥሩ ሞልቷል። ማን ሊጠጣው ነው፣ ከምን ጋር፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፤ እሱን ነው የምታስበው። ለራሷ እንዲህ የምትጨነቅ ሰው ለሐኪሙ አንድም ቀን አልተጨነቀችም።

አጎቷ በሰዓታቸው መጡ፤ አዲስ ጋን እንደ ሕፃን በአንድ ክንዳቸው ታቅፈው፣ በሌላው እጃቸው በወረቀት የተጠቀለለ ፎርማጆ ይዘው። ያለ ፎርማጆ ወይን ሊሸጡ ሄደው አያውቁም። እትዬ የውሉን ወረቀትና እስክሪብቶዋን ይዛ የመስኮቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። አጎቷ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጣሪያው ጠይቀው ሲያበቁ የፎርማጆውን ወረቀት ፈተው ሳህን ላይ መቁረስ ጀመሩ። አነፍናፊዋ ሳህኑን ከፊታቸው አነሳችው።

"ምን አደረግሽ?"

"ዛሬ ገዢ ነኝ፣ አጎቴ።"

ሳቁ። የራሳቸው ትምህርት ነው፤ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት የነገሯት። ወይን ስትሸጪ ፎርማጆ አቅርቢ፣ ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል፤ ስትገዢ ግን በባዶ አፍሽ ቅመሺ። እትዬ አሁን ገና መስማቷ ነው፤ ላለፉት ዓመታት ስለበላችው ፎርማጆ ሁሉ ታስብ ጀመር።

አነፍናፊዋ ሁለት ብርጭቆ አመጣች። ልታጠምዳቸው አልፈለገችም፤ ሁለቱም ማክሰኞ የተከፈቱ መሆናቸውን፣ አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የሌላው ነጋዴ መሆኑን ነገረቻቸው። ሼፉ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ የጓዳው በር ላይ ቆመ።

አጎቷ የመጀመሪያውን ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩ፣ አሸተቱ፣ ጉንጫቸው ውስጥ አመላለሱት። "ትንሽ ደክሟል" አሉ፤ "ግን ራሱን ይዟል። የኔ ነው።" ሁለተኛውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ሳይቀምሱት መለሱት። "ይኼን ጋኑን ይዞ እንዲሄድ ንገሩት።"

አነፍናፊዋ ቀና ብላ አየቻቸው። አጎቷ ከቡሾቹ ዘመን ጀምሮ ፊቷን ያነቡታል። የመለሱትን ብርጭቆ እንደገና ሳቡት። አሁን ቀመሱት።

"የኔ ነው" አሉ።

እትዬ ምን እንደተፈጠረ ገና አልገባትም፤ አንዴ አንዱን ብርጭቆ፣ አንዴ ሌላውን ታያለች። አነፍናፊዋ አስረዳቻት፤ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ቀናቱ። ስትጨርስ አጎቷ ብርጭቆውን በቀስታ እያዞሩ ተናገሩ፤ ለእትዬ ሳይሆን ለእህታቸው ልጅ።

"ወይን ሕይወት ያለው ነገር ነው። የማይሞት ወይን ካየሽ፣ መጀመሪያውኑ አልኖረም።"

"ልክ ነው። ግን ሐኪሙ እዚህ የሚመጣው ለቅሶ ሊደርስ አይደለም።"

ሼፉ በፎጣው አፉን ያዘ። አጎቷ ሊቆጡ ነው ብላ ስትጠብቅ የከንፈራቸው ጫፍ ተነሳ፤ ወዲያው ወረደ።

"አንዷ ጋን ስንት ቀን ትቆያለች?"

"ከአርብ ማታ በቀር፣ አራት" አለች እትዬ።

"አራት ቀን?" ጋኗን አዩ፣ ከዚያ ባዶውን ሳሎን፣ ወንበሮቹን አንድ በአንድ። "እኔ ይህን ወይን ስጀምርላችሁ ምሳ ላይ ተከፍታ ማታ ታልቅ ነበር።"

እትዬ የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጠመች። እውነት ነው። ያኔ ሰው ለምሳ በር ላይ ተሰልፎ ይቆም ነበር። ሰዉ ቀስ በቀስ ነው የቀነሰው፤ አንድ ጠረጴዛ በዚህ ዓመት፣ አንድ ጠረጴዛ በዚያኛው። ወይኑ አልተለወጠም። ጋኗ አልተለወጠችም። ቤቱ ነው የቀዘቀዘው፣ ይህንንም እስከዛሬ ጮክ ብሎ የተናገረው ሰው አልነበረም። የተናገረ ቢኖር ጥርስ ሐኪሙ ብቻ ነው፣ በግማሽ ብርጭቆ።

"በይ እንግዲህ" አለች እትዬ ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ። "አንቺው ጀምረሽዋል፣ አንቺው ጨርሺው። የማንን ልፈርም?"

አነፍናፊዋ የአጎቷን እጅ አየች። ቡሾቹን ይደረድር የነበረው እጅ አሁን ጠረጴዛው ላይ ምንም ሳይነካ ተዘርግቷል። ቢቆጡ ይቀላት ነበር።

"የሰውዬውን" አለች። "ለአዘቦት ቀን ጋን የሰውዬው ይሁን።"

አጎቷ አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በልጅነቷ ቡሹን በትክክል ስትገምት እንደሚነቀንቁት። "በባዶ አፍሽ ቀምሰሻል" አሉ። ፎርማጆውን መልሰው ጠቀለሉት፣ በክሩ አሰሩት፣ ተነሱና ያመጡትን አዲስ ጋን ሊያነሱ እጃቸውን ሰደዱ።

እሷ ቀድማ እጀታውን ያዘችው። "ይኼ ይቆይ።"

"ለምን? እንዲሞትልሽ?"

ከሽርጧ ኪስ መክፈቻውን አውጥታ ቡሹ ላይ አዞረችው። ቡሹ በቀስታ ወጣ፤ ሽታው ከጋኑ አንገት ተነስቶ ጠረጴዛውን ያዘ። እትዬ እንኳ፣ ቀይና ነጩን ከመለየት የማታልፈው፣ አፍንጫዋን ቀና አደረገች።

"ዛሬ አርብ ነው" አለች አነፍናፊዋ። "ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ አሥራ ሁለቱም ጠረጴዛ ይሞላል። አርብ አርብ አምስት ሊትር ያንሰናል እንጂ አይተርፈንም። የአርቡ ጋን የእርስዎ ይሁን።" አራት ብርጭቆ አምጥታ ደረደረች። "ይቀመጡ። ፎርማጆውንም ይፍቱት።"

አጎቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ክሩን መፍታት ጀመሩ፤ ጠበቅ አድርገው አስረውት ስለነበር ጊዜ ወሰደባቸው። ሼፉ ሳይጠራ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ቆይ፣ ቆይ" አለች እትዬ። "ከተረፈስ? ለነገ ምን ልናደርገው ነው?"

አነፍናፊዋ ቡሹን አንዴ አሸተተችው። ከዚያ ባንኮኒው ሥር ወዳለው የቆሻሻ ቅርጫት ወረወረችው።